«ጃፓን ስታይል አድርግልኝ» ሲሉ ለምን ሁሌ ባዶ ነጭ ገጽ ማለታቸው ይሆናል?

ቀለሙ ዘካዛንቺስ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ቤቶች። ይሄ ክፍል ሰሞኑን ጭር ብሏል፣ ትንሽ ልቆስቁሰው ብዬ ነው።

በቅርቡ አንድ የካፌ ባለቤት ሎጎና ሜኑ እንድሠራለት ጠራኝና «ጃፓን ስታይል ይሁንልኝ፤ ቀለል ያለ፣ ነጭ የበዛበት» አለኝ። እንዳለኝ ሠራሁለት። አየውና «ይሄ ላይ እኮ ምንም የለም፣ ለምኑ ነው የምከፍልህ?» ብሎ ሒሳቤን ቆረጠ። እሱስ ይቅር፣ በዚህ ሥራ ያልተቆረጠበት የለም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ጃፓን ሲባል ሁላችንም የሚታየን አንድ ቀጭን መስመር፣ አንድ ቀይ ክብ፣ ከዚያ ባዶ ሜዳ ነው። እኔ ኮምፒውተሬ ላይ የማጠራቅማቸው የጃፓን ፖስተሮች ደግሞ አብዛኞቹ መርፌ ቢወረወርባቸው መሬት አይነካም።

ግራፊክ ዲዛይነሩን ታዳኖሪ ዮኮኦን ውሰዱ። 1965 ላይ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ቶኪዮ ጊንዛ ውስጥ «ፔርሶና» የሚባል የዲዛይነሮች ኤግዚቢሽን ነበር። እዚያ ያቀረበው ፖስተር የሚያስተዋውቀው ራሱን ነው። መሃሉ ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ጽጌረዳ ይዞ በገመድ ተንጠልጥሏል። ከጀርባው የፀሐይ ጨረር ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ከላይ በአንዱ ጥግ ፈጣኑ ባቡር፣ በሌላው ፉጂ ተራራ፤ ከታች ዮኮኦ ራሱ ሕፃን ሳለ የተነሳው ፎቶ። ጽሑፉ ደግሞ በ29 ዓመቴ ጫፍ ላይ ደርሼ ሞትኩ ይላል። ያኔ ዕድሜው 29 ነበር! የዘመኑ ጓደኞቹ የስዊዘርላንድና የጀርመን ሥርዓት ባለው ሌይአውት ሲጠበቡ እሱ የልጅነት ሰፈሩን ይዞ ብቅ አለ። ያደገው ኒሺዋኪ በምትባል የሸማኔ ከተማ፣ የኪሞኖ ጨርቅ በሚነግዱ አሳዳጊዎች ቤት ነው። የጨርቅ ጥቅል ላይ የሚለጠፉትን ያሸበረቁ የንግድ ምልክቶች እያየ ነው ያደገው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄ ጃፓን ካልሆነ ምኑ ነው ጃፓን?

ሰናይት_ሰ

ሒሳብህን መቁረጡ ያናድዳል፣ እሱ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን በደንበኛህ ተናደህ ነጩን ሁሉ አትርገመው። ባዶ ቦታ ጃፓኖች ዘንድ ቀልድ አይደለም። ዲዛይነሩ ኬንያ ሃራ 2003 ላይ ለሙጂ (የቤት ዕቃና ልብስ የሚሸጠው የጃፓን ድርጅት) የመራውን ፖስተር አይተኸዋል? ሰማይ፣ መሬት፣ ሁለቱን የሚለይ አድማስ፣ እዚያ ላይ ነጥብ የምታክል ሰው። የሚሸጥ ዕቃ የለም፣ ዋጋ የለም፣ ከድርጅቱ ስም በቀር ጽሑፍ የለም። ሃራ ደጋግሞ የሚያስረዳው ተመልካቹ የራሱን ሐሳብ ይዞ የሚገባበት ቦታ መተው እንዳለበት ነው። አንተ ሞልተህ ከጨረስክ ሰውየው የት ይቁም?

እና ደግሞ ባዶ መሥራት ከመሙላት ይከብዳል። መሙላትማ ሁላችንም እናውቅበታለን፣ የሰርግ መጥሪያችንን ማየት ነው 😂

ቀለሙ ዘካዛንቺስ

ሰናይትዬ፣ መጥሪያው ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። ግን ያ አድማስ እኮ ጃፓን አይደለም! ቦሊቪያ ነው፣ ኡዩኒ የሚባለው የጨው ሜዳ። ፎቶ አንሺው ታሞትሱ ፉጂይ እዚያ ድረስ ሄዶ ነው ያነሳው። «የጃፓን ባዶነት» ለማሳየት ደቡብ አሜሪካ መሄድ ካስፈለገ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

የሙጂን አጀማመር ደግሞ ተመልከቺ። 1980 ላይ ሴይዩ የተባለ ሱፐርማርኬት የጀመረው ርካሽ ምርት ነው፣ በ40 ዓይነት ዕቃ፣ አብዛኛው የሚበላ። ከታወቁት አንዱ የተሰባበረ የደረቀ እንጉዳይ ነበር። ሌላው ነጋዴ ሙሉውን መርጦ፣ አሳምሮ ሲያሽግ እነሱ «ወጥ ውስጥ ገብቶ ለሚቆራረጥ ነገር ቅርጽ ምን ያደርጋል?» ብለው ስብርባሪውን በቅናሽ ሸጡት። ወረቀቱም ቡናማ የሆነው ማንጫው ሥራ ስለተዘለለ ነው። መፈክራቸውም የረከሰው በምክንያት ነው የሚል ነበር። አርት ዳይሬክተሩ ኢኮ ታናካ ያንን ቁጠባ መልክ ሰጠው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን የሀብታም ካፌ ግድግዳ ሆነ።

ጋሽ ሸራ

ልጆች፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ጥያቄው ከፖስተር በፊት ይጀምራል። ጃፓን ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ኪዮቶ ያለው የካትሱራ ቤተ መንግሥት ነው፤ እንጨት፣ ወረቀት፣ ሣር፣ ጥላ። ሁለተኛው ኒኮ ያለው ቶሾጉ መቅደስ ነው፤ ወርቅ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ከ5 ሺህ በላይ ቅርጻ ቅርጽ፣ ዓይን ማሳረፊያ የለውም። ሁለቱንም ያሠሩት የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው።

1933 ላይ ብሩኖ ታውት የተባለው ጀርመናዊ አርክቴክት ጃፓን ገባ። ካትሱራን አይቶ አደነቀ፣ ኒኮን አይቶ አንቋሸሸ። በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የዘመናዊዎቹ ክርክር ጌጥ ይቅር የሚል ስለነበር ታውት በካትሱራ ያየው የራሱን ወገን ነው። ጃፓናውያኑ ዘመናዊ አርክቴክቶችም ፍርዱ ስለተመቻቸው ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ «እውነተኛው ጃፓን» ካትሱራ ሆነ፣ ኒኮ የቱሪስት። የቀለሙ ደንበኛ ሳያውቀው የታውትን ቃል ነው የደገመው።

ሰናይት_ሰ

ጋሼ፣ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ታውት ስላወደሰው ብቻ ካትሱራ የውሸት አይሆንም አይደል? እዚያው የነበረ ነገር ነው።

ጋሽ ሸራ

አይሆንም የኔ ልጅ። ግማሹ ነው ያልኩት እንጂ ውሸት ነው አላልኩም።

ሯጩ

እኔ ዲዛይን አላውቅም፣ ግን የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ፖስተር ሳይነሳ ይሄ ክር ባያልፍ። ነጭ ወረቀት፣ ትልቅ ቀይ ክብ፣ ከሥሩ የወርቅ ቀለበቶች። አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የገባበት ኦሎምፒክ! ገብቶም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ፎንት አፍቃሪ

ሯጩ፣ ጥሩ ቦታ ነካህ፤ እንዲያውም ለሰናይት ያግዛታል። ሠሪው ዩሳኩ ካሜኩራ ነው፣ ፖስተሩ የወጣው 1961። ክቡ በትክክል መሃል አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም፣ ግን ዋናው ነገር ክቡና ቀለበቶቹ መሃል ያለችው ክፍተት ናት። በጣም ጠባብ ናት። ክቡን ትንሽ ከፍ ብታደርገው ባንዲራና ሎጎ ተለያይተው ይቀራሉ፤ ዝቅ ብታደርገው ይነካካሉ። እዚያች ክፍተት ላይ ነው ጭንቀቱ ሁሉ ያለው።

ሰው የማያነሳው ግን ካሜኩራ ራሱ በዚያ አልቆመም። በ1962 የወጣው ሁለተኛው ፖስተር ጨለማ ውስጥ የሚወረወሩ ሯጮች ፎቶ ነው፤ አንሺው ኦሳሙ ሃያሳኪ። የኦሎምፒክ ፖስተር በፎቶ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። ጥቁር በጥቁር፣ ፊትና ጡንቻ ላይ ብቻ ብርሃን፣ ባዶ የሚባል ቦታ የለውም። አንድ ሰው፣ አንድ ሥራ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። ስለዚህ «የጃፓን መንፈስ» ምናምን ከማለት ሥራው የጠየቀውን ማየት ይሻላል።

እዚያው ኦሎምፒክ ላይ ለእያንዳንዱ ስፖርት ምልክት ተሠራ። እንግዳው ሁሉ ጃፓንኛ ስለማያነብ ነው። ማሳሩ ካትሱሚ የሚመራቸው ወጣት ዲዛይነሮች ናቸው የሠሩት፤ ሲጨርሱ መብታችንን ለቀናል ብለው ፈረሙ፣ ዓለም በነጻ እንዲጠቀምበት። ዛሬ አንድ አይኮን ለማውረድ በዶላር ስንጠየቅ ትዝ ይለኛል።

ጉርድ ሾላ12

ክቡን እኔም በአንድ ደቂቃ እሠራዋለሁ።

ፎንት አፍቃሪ

ሥራና ለጥፈው። እየጠበቅን ነው።

አወያይ

ጉርድ ሾላ12፣ ባለፈው ክር ላይም እንዲሁ ነበር ያልከው 🙂 እንቀጥል።

ኦሳካ ያለሁት

ቀለሙን ልደግፍ። እዚህ የሚኖር ሰው ስለ ነጭ ገጽ ሲወራ ይገርመዋል። ጠዋት ጋዜጣ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው የሱፐርማርኬት በራሪ ወረቀት ቢጫ በቀይ ነው፤ የዋጋው ቁጥር ከዓሣው ፎቶ ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሌላ ሳጥን አለ። ዶን ኪሆቴ የሚባለው ሱቅ ግቡ፦ ዕቃው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፣ መተላለፊያው ሆን ተብሎ ጠቧል። የዋጋ ካርዶቹ ደግሞ በወፍራም ማርከር በእጅ የተጻፉ ናቸው። ይህን ብቻ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። ፊደሉ ክብ ክብ ነው፣ ዳሩ በሌላ ቀለም ይከበባል፣ ከዚያ በነጭ ብልጭታ ይነጠብበታል። አንዷ ሠራተኛ ስትጽፍ ቆሜ ሳያት ገዥ መስዬአት ዕቃ አቀረበችልኝ።

ባቡር ውስጥም ከጣሪያ የሚንጠለጠል የመጽሔት ማስታወቂያ ነበር። የሳምንቱ ወሬ ሁሉ ወደ ታች በሚወርድ ጽሑፍ፣ አንዱ ርዕስ ሌላውን እየገፋ። ትልልቆቹ ሳምንታዊ መጽሔቶች 2021 ላይ ተዉት፣ ሰው ስልኩን ነው የሚያየው። አሁን ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ግን እውነቱን ለመናገር ይደብራል።

እስክሪብቶ

ስለ መሙላት ከተነሳ ማናቡ ኢኬዳ የሚባል ሰዓሊ አለ፣ እባካችሁ ፈልጉት። 1973 ሳጋ ነው የተወለደው። የሚሠራው በቀለም በሚነከር ቀጭን ብዕር ነው፤ የመስመሩ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሞላው መዳፍ የምታክል፣ 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ያህል ቦታ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ሥዕል አለው! አሜሪካ ዊስኮንሲን፣ ማዲሰን ከተማ ባለ ሙዚየም ውስጥ ሕዝብ እያየው ከ2013 እስከ 2016 ሠራው። ከሩቅ ሲያዩት በማዕበል መሃል የቆመ ያበበ ዛፍ ነው። ሲጠጉ አበባው አበባ አይደለም፤ የተሰበረ ቤት፣ ባቡር፣ ድንኳን፣ ጥቃቅን ሰዎች። የ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ነው መነሻው። መሃል ላይ በበረዶ ሸርተቴ ወድቆ የቀኝ ትከሻው ሲጎዳ ምን አደረገ? በግራ እጁ ቀጠለ።

እኔ አንድ ገጽ ኢሉስትሬሽን ሁለት ቀን ሲወስድብኝ አለቃዬ ላይ አለቅሳለሁ።

ሰናይት_ሰ

ኢኬዳን አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ስልኬ ላይ እያጎላሁ ምሳዬን ረሳሁ። ቢሆንም አንድ ነገር ልበል፦ ያ ሥዕል የሚሠራው ዙሪያው ያለው ወረቀት ባዶ ስለሆነ ነው። ዛፉ ነጩ ላይ ነው የቆመው።

እስክሪብቶ

ይሄንንስ ልክ ነሽ።

ዶሃ ነዋሪ

ሰዓሊውን ሙራካሚን ማንም አላነሳም? በ2012 እኛ ጋ ዶሃ መጥቶ ነበር። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሥዕል፣ የቡድሃ 500 ደቀ መዛሙርት የተሣሉበት። ከሱናሚው በኋላ ኳታር ለጃፓን ላደረገችው እርዳታ ምስጋና ተብሎ መጀመሪያ እዚህ ታየ።

ጉርድ ሾላ12

ሙራካሚማ ነጋዴ ነው። የቦርሳ ሰዓሊ።

ቀለሙ ዘካዛንቺስ

ቦርሳውን ሠርቷል፣ 2003 ላይ ለሉዊ ቪቶን። 2008 ላይም አንድ ሐውልቱ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ግን ነጋዴ ብቻ ነው ስትል ተጠንቀቅ። ታካሺ ሙራካሚ ቶኪዮ ውስጥ በባህላዊው የጃፓን ሥዕል ዶክትሬት ይዟል፤ በድንጋይ ዱቄት ቀለምና በእንስሳት ሙጫ የሚሠራው ዓይነት። ከዚያ ዘወር ብሎ ነው የሚስቁትን አበቦች የሣላቸው። 2000 ላይ «ሱፐርፍላት» ብሎ ኤግዚቢሽን ሲያዘጋጅ የተከራከረው የጥንቱ የወርቅ መከለያ ሥዕልም፣ አኒሜሽኑም፣ ማስታወቂያውም አንድ ናቸው፣ ሁሉም ጥልቀት የሌላቸው ጠፍጣፋ ናቸው፣ ስለዚህ «ከፍተኛ ጥበብ» እና «የገበያ ሥዕል» የሚባል አጥር ለጃፓን ባዕድ ነው ብሎ ነው። አጥሩን ካፈረሰ በኋላ ቦርሳው ኃጢአት አይሆንም።

ጋሽ ሸራ

እኔ ግን ጉርድ ሾላን ትንሽ ልርዳው። አጥር የለም ማለት ለአጥሩ ባለቤት ይመቻል። ጃፓን ውስጥ ማንጋ (የጃፓን ኮሚክ) የሚሥለው ልጅ በገጽ ይከፈለዋል፣ ሙራካሚ በሚሊዮን። የኪነ ጥበብ ገበያው ኒው ዮርክና ሆንግ ኮንግ ሲደርስ አጥሩን መልሶ ያቆመዋል። ሰዓሊውን ዮሺቶሞ ናራን ተመልከቱ፤ ፊቷን ያኮሰተረችው ልጅ ሥዕሉ 2019 ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሸራው ላይ ያለው ልጅቷ ብቻ ናት፣ ጀርባዋ ባዶ ነው። የሰናይት ወገን ትሁን የቀለሙ፣ እንጃ።

ሰናይት_ሰ

የኔ ናት ጋሼ! 😄

ቢራቢሮ

ሰዓሊው ኬይቺ ታናአሚ ሳይጠቀስ አትዝጉት። 1936 የተወለደ፣ በልጅነቱ ቶኪዮ በቦምብ ስትነድ ያየ ሰው ነው። አያቱ ቤት ውስጥ ወርቃማ ዓሦች ያረቡ ነበር፤ የአውሮፕላኖቹ መብራትና ፍንዳታ በውሃው ገንዳ ውስጥ በዓሦቹ ላይ ሲያንጸባርቅ ያየውን ዕድሜ ልኩን ሣለው። ሥራዎቹ ላይ ዓይናቸው የፈጠጠ ዓሦች፣ አውሮፕላን፣ የብርሃን ጨረር፣ የአሜሪካ ኮሚክ ገጸ ባሕርያት ተደራርበው ታያላችሁ፤ ቀለሙ ከረሜላ ይመስላል፣ ነገሩ ግን ቅዠት ነው። 2024 ነሐሴ ላይ ቶኪዮ ብሔራዊ የጥበብ ማዕከል ትልቁ ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ፣ እሱ በዚያው ሳምንት አረፈ። ገጹን የሚሞላ ሁሉ ለማስዋብ ብሎ አይደለም ለማለት ነው።

ፎንት አፍቃሪ

ወደ እኛ ሥራ ልመልሳችሁ። የጃፓን ፎንት ለመሥራት ሦስት ዓይነት ጽሕፈት ባንድ መስመር ላይ ማስታረቅ አለብህ፣ ከቻይና የመጡትን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠር ቅርጽ። እኛ ከ300 በላይ ፊደል አለን ብለን እናማርራለን! ቀለሙ ያነሳው ኢኮ ታናካ ለሞሪሳዋ ኩባንያ «ኮቾ» የሚባል ፎንት ሠርቷል። ቋሚው ጭረት እጅግ ወፍራም፣ አግድሙ ፀጉር የሚያክል ነው፤ የድሮ የጣልያን ፊደል ቁመና ጃፓንኛ ላይ ገብቶ። ትልቅ አድርገህ ፖስተር ላይ ስትጥለው ፊደሉ ራሱ ሥዕል ይሆናል፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። የኛ ብራና ላይ ያለው የግዕዝ አጻጻፍም እኮ ወፍራም እግርና ቀጭን ማያያዣ ነው። ይህን የውፍረትና የቅጥነት ልዩነት ለርዕስ ፊደል አጋንኖ የሠራ የአማርኛ ፎንት አምጡልኝ ብላችሁ ብዙ አይገኝም። ደንበኛው ባዶ ገጽ ሲፈልግ የሚያድነን እሱ ነበር፤ አንድ «ቡ» ብቻውን ግማሽ ገጽ ላይ ተቀምጦ ሜኑ ሊሸከም ይችላል።

ቀለሙ ዘካዛንቺስ

ፎንት አፍቃሪ፣ ይሄን ከወር በፊት ብትነግረኝ ሒሳቤን አላጣም ነበር። ፋይል ካለህ በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ሕይወት ከሀዋሳ

ጥያቄ አለኝ፣ ተማሪ ነኝ። የዮኮኦ ፖስተር ላይ ያለው ቀይ ለምን እንደዚያ ይጮኻል? እኔ ያንኑ ቀይ ኮምፒውተር ላይ መርጬ ሳሳትም ደም የረጋበት ነው የሚመስለው።

ቀለሙ ዘካዛንቺስ

እህቴ፣ እሱ በስክሪን ህትመት (ቀለም በተወጠረ መረብ አልፎ በሚታተምበት) ነው የተሠራው። እያንዳንዱ ቀለም ተቀይጦ የተዘጋጀ ለብቻው ቀለም ነው፣ በመረቡ ተጭኖ ወረቀቱ ላይ በወፍራሙ ይተኛል። አንቺ የምታሳትሚው ማሽን ቀዩን የሚሠራው ሮዝና ቢጫ ቀለምን ደራርቦ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ከገባበት ደግሞ ይደፈርሳል። ፋይልሽን ክፈቺና ቀዩ ውስጥ ሰማያዊና ጥቁር ዜሮ መሆናቸውን እዪ፣ ወረቀቱም የሚመጥ ዓይነት አይሁን። ያም ካልሆነልሽ ቲሸርት የሚያትሙ ልጆች ጋ ሂጂ፤ መረቡም ቀለሙም አላቸው፣ ወረቀት ላይ አትሙልኝ ብትያቸው በጣም ነው የሚደሰቱት። ለአንድ ቀለም አንድ ፍሬም ስለሚያስከፍሉ በሁለት ቀለም ጀምሪ።

ሕይወት ከሀዋሳ

ሁለት ቀለም ከሆነ ቀይና ምን?

ሰናይት_ሰ

ቀይና ወረቀቱ ነዋ! ወረቀቱ ሁለተኛ ቀለምሽ ነው፣ በነጻ።

ቀለሙ ዘካዛንቺስ

ጥቁር። ሰናይትን አትስሚያት።